ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቫይረስ

ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ክሊኒኩ ስትደርስ የወይዘሮ አበበች አስከሬን በነጠላ ተሸፍኖ አልጋው ላይ ነበር። ጉሮሮዋ አብጦ መናገር አቅቷት፣ ጎረቤቶቿ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተሸክመው አመጧት። ሦስት ተኩል ላይ ሞተች። በመካከሉ ነርሷ ትዝታ ፔኒሲሊን ወግታታለች። አበበች ደግሞ መድኃኒቱ የማይስማማት ሰው ነበረች።

ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው «ነርሷን አውጡልን!» እያለ ይጮኻል።

«ካርዷን አላየሽም?» አለች ዓለሚቱ።

«ካርዱ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አልከፈት አለን።» አለች ትዝታ። «‹ቫይረስ ገብቷል፣ ካልከፈላችሁ ምንም ሰነድ አይከፈትም› ይላል።»

«ከመውጋትሽ በፊት ትንሽ ቆዳዋ ላይ ሞክሮ ማየትስ?»

ትዝታ አቀረቀረች። «ተቻኮልኩ።»

ዓለሚቱ ጻፈችው።

የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ሃና ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። «ፊልም ስታይ ያመጣችው ነው እያሉ ያሙኛል። ማክሰኞ ጠዋት ስከፍተው ነው ያገኘሁት። ‹ሱፐር ጋሻ› የሚባል ጸረ ቫይረስ ነኝ ይላል፤ እኔ አልጫንኩትም። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ማታ እኮ መስመር ተበጥሶ ኢንተርኔት የሚባል አልነበረም!»

«ለማንም አልተናገርሽም?»

«ለዶክተር ፋሲል ነገርኳቸው። ዛሬ ሴትዮዋ ስትመጣም ለአንዱአምላክ ደወልኩ። ዶክተር ውሉን እስኪያቋርጡበት ድረስ ኮምፒውተራችንን የሚጠግነው እሱ ነበር። ዶክተርና ትዝታ እንዲሰሙ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ፣ ‹ኮምፒውተሩ ተዘግቷል፣ በሽተኛ አለ፣ ድረስልን› አልኩት። ‹መጀመሪያ ውሌ ይታደስ› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ፋሲል ነገሩን አልካዱም።

«ማክሰኞ ሲነገርዎ ምን አሉ?»

«ነገ እናየዋለን አልኩ።»

ዓለሚቱ ጥርሷን ነከሰች። «ከዚያ በፊትስ እንግዳ ሰው ገብቶ ነበር?»

«እንግዳ እንኳ አልገባም። ሰኞ በምሳ ሰዓት አንዱአምላክ ‹ቻርጀር ረስቻለሁ› ብሎ ገብቶ ወጥቷል። ሃና ምሳ ወጥታ ነበር።»

የአንዱአምላክ ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ስልክ ፈትቶ ይጠግናል፤ ቀናም አላለ።

«ውሌ ከተቋረጠ ወዲህ ያንን ኮምፒውተር ዓይቼው አላውቅም» አለ። «ጥፋቱ የሃና ነው። ‹ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቫይረስ ተገኝቷል› ሲላት ደንግጣ ነክታው ነው።»

«ሴትዮዋ እኮ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር። እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

ዓለሚቱ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለችና «ፈትሽ» የሚለውን ተጫነች። በሦስት ሰከንድ መልሱ መጣ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ገና ከማሸጊያው የወጣ ባዶ ፍላሽ ሰክታ እሱን ብቻ እንዲፈትሽ አዘዘችው። ያው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ የተጫነበትን ቀን ፈልጋ አገኘች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ተራ መጠበቂያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እግራቸውን ሊታከሙ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሰነበቱት የሟች ባል አቶ ይሻውም በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እውነተኛ ጸረ ቫይረስ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ጊዜ ይወስዳል» አለች ዓለሚቱ። «ይኼ ግን ባዶ ፍላሽ ውስጥ እንኳ ያንኑ ቁጥር አገኘ። አይፈትሽም፤ የተጻፈለትን ይለፍፋል። እውነተኛው ደግሞ የሰው ሰነድ አግቶ ‹ክፈሉ› አይልም። ስለዚህ ሐሰተኛ ነው። የተጫነው ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ያን ቀን ኢንተርኔት የለም፤ እንግዲህ በፍላሽ ነው የገባ። ሃና ምሳ ላይ ናት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ቻርጀር ፈላጊው ብቻ ነው።»

«ቻርጀሬን ይዤ ወጣሁ!» አለ አንዱአምላክ። «ኮምፒውተሩን አልነካሁም።»

«ታዲያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሚለውን ማን ነገረህ?»

«ሃና ናት፣ በስልክ...»

«አላለችም» አሉ ትዝታና ዶክተሩ በአንድ ድምፅ።

«ሰምተዋታል» አለች ዓለሚቱ። «‹ተዘግቷል› ነው ያለችህ። ቁጥሩን የሚያውቀው ስክሪኑን ያየ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ዓይቼው አላውቅም ብለሃል። ውሉ ሲቋረጥብህ፣ ተቸግረው መልሰው እንዲለምኑህ አሰብክ።»

«ሰው ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ!»

«‹በሽተኛ አለ› ስትባልስ?»



«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» አሉ አቶ ይሻው በዝግታ። «አሁን ኮምፒውተሩ ጸዳ?»

«ጸድቷል አባቴ። ከኢንተርኔት ነጥዬ፣ ዋና ዋናው ብቻ በሚሠራበት በሴፍ ሞድ አስነስቼ አጠፋሁት። ከዚያ ከሠሪው ድርጅት ገጽ፣ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ባወረድኩት እውነተኛ ጸረ ቫይረስ አጣራሁት።» ስክሪኑን አዞረችላቸው። ከአበበች ስም ሥር በቀይ «ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይሰጣት» ይላል።

«ስንት ጊዜ ፈጀ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

ሽማግሌው ተነሡ። በትራቸው ከአንዱአምላክ ራስ በላይ ከፍ አለ። ዓለሚቱ ልትይዛቸው ትችል ነበር፤ አልተንቀሳቀሰችም። በትሩ አየር ላይ ተንቀጥቅጦ ወረደ።

«ዱላ ያንስሃል» አሉ።

ዓለሚቱ የአንዱአምላክን እጆች በካቴና ቆለፈች። ቀጥላም ወደ ዶክተሩና ወደ ነርሷ ዞረች።

«ተነሡ። ‹ነገ እናየዋለን› ያሉትም፣ ‹ተቻኮልኩ› ያለችውም ቃል ይሰጣሉ።»