ንጉሡ ሠ

ትየባ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ተለጥፏል። ታይፒስቱ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ወጣት ነው። ሰው ትክ ብሎ ሲያየው ላብ ያጠምቀዋል፤ የፊደል ስሕተት ግን አያሳልፍም። ተማሪዎቹ «ፊደል» ይሉታል።

ማመልከቻ ልታስጽፍ የመጣችው ልጅ ሃያ ዓመቷ ነው። ቀን ከአክስቷ ጋር የሰው ልብስ እያጠበች፣ በማታው ክፍል ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። አቅም የሌላቸውን ተማሪዎች ኮሌጅ የሚያስገቡት መምህርት ነጻ የትምህርት ዕድል አገኙላትና ማመልከቻውን እሱ ጻፈላት። አጠገቡ ቆማ ስታነብለት ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር።

የሟች አባቷ ስም ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ በእሳቱ ሰ ተጽፏል። ትክክሉ ንጉሡ ሠ ነው። ምንም ሳይላት አስተካከለው። ስጦታ የሰጣት መስሎት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች።

«ስሙ ከማስረጃው ጋር አይገጥምም ብለው መለሱት። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።»

«ትክክሉ እኮ... ይሄ ነው።»

«ትክክሉን ማን ጠየቀህ? አክስቴ ልብሴን ሁሉ ተኩሳ አስቀምጣለች። ምን ልበላት?»

ስሙን እንደገና በእሳቱ ሰ ጻፈው፤ ጣቱ እምቢ እያለው። ቀጥሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ደብዳቤ ጻፈ፦ ጥፋቱ የታይፒስቱ እንጂ የተማሪዋ አይደለም። ፈረመበትና ሱቁን ዘግቶ አብሯት ወደ መምህርቷ ሄደ።

መንገድ ላይ «ለምን ቀየርከው ግን?» አለችው።

ጫማውን እያየ መለሰላት።

«ያንቺ ስም ላይ ስሕተት እንዲኖር አልፈለግሁም።»

እርምጃዋ ዘገየ።

መምህርቷ ሁለቱንም ወረቀት ራሳቸው ወደ ኮሌጁ ይዘው ሄዱ። ለዐሥራ አንድ ቀን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይል ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው አክስቷ መጡ።

«ተቀበሏት፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት ሸኘኋት። ልሰናበተው ብላ መጥታ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ አገኘችው።»

ወረቀት ሊገዛ ወጥቶ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ አክስቷ የታጠፈ ወረቀት አመጡለት። «አራት ዓመት ረጅም ነው፤ ጠብቀኝ አልልህም» ይላል። እንደ ልማዱ ስሕተት ፈለገ። አንድም የለም።

ከግርጌው ሙሉ ስሟን ጽፋለች። የአባቷ ስም በንጉሡ ሠ ነው።