አንድ ወንበር ለሁለት ሰው

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። አፏ ነው የሚቀድማት።

መሥሪያ ቤታቸው ለአንድ የአውቶብስ ድርጅት የትኬት መሸጫ ፕሮግራም ይሠራል። ትኬት ቆራጩ የሚያየውንና የሚጫነውን ሁሉ ስክሪፕት በሚባል ቀላል ቋንቋ የሚጽፈው ረጅሙ ልጅ ነው። ስክሪፕት ለመጻፍ ይቀላል፤ ሲሠራ ግን ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ወንበር የሚመርጠውን ክፍል እሷ ለማሽኑ በሚቀርብ ከባድ ቋንቋ ትጽፍና ሞጁል የሚሉት ራሱን የቻለ ቁራጭ ፕሮግራም አድርጋ ትሰጠዋለች። የእሱ ስክሪፕት እየጠራ ይጠቀምበታል።

የተዋወቁት በአንዲት የኤሌክትሪክ ሶኬት ምክንያት ነው። ሁለቱም ገመዳቸውን ይዘው እኩል ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

«በቃ አንቺ ሰኪ፤ እኔ መብራቱን ከግንባሬ አግኝቻለሁ» አላት እያሸ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲገባ ካላየችው ሥራ አይያዝላትም። እሱም ሻይ ሲቀዳ ለሁለት ነው የሚቀዳው። ትንፍሽ ያለ ግን የለም።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ ዕለት ጉድ ፈላ። አንዱ ወንበር ለአንዲት ነፍሰ ጡርና ለአንድ ሽማግሌ ተሸጠ። ሽማግሌው ለነፍሰ ጡሯ ብለው ወረዱ፤ የእህታቸው ቀብርም አመለጣቸው።

አለቃቸው ሁሉንም ሰበሰበና «የማን ጥፋት ነው?» አለ።

«የእኔ ሞጁል ተፈትሿል። የእሱ ስክሪፕት ነው» አለች፣ ራሷም ሳታስበው።

ረጅሙ ልጅ አያት። ቁጣ የለበትም አስተያየቱ። አቀረቀረና «እሺ» አለ። ፕሮግራሙ ቆሞ ትኬት በእጅ ይቆረጥ ጀመር፤ እሱም መስኮት ላይ ትኬት እየቆረጠ መንገደኛውን ይቅርታ እንዲጠይቅ መናኸሪያ ተላከ።

ቢሮ ውስጥ የእሱ ወንበር ለቀናት ባዶ ሆነ። ልጅቷ እንዲያው ልቧ አላርፍ ቢላት ኮዷን እንደገና ከፈተችው። ሞጁሉ የመረጠውን ወንበር፣ ሒሳቡ እስኪከፈል፣ የሚያስቀምጥባት አንዲት ቦታ አለችው። እሷ ትኬት ለሚቆረጥበት ለየመስኮቱ የየራሱ ሞጁል የሚደርሰው መስሏት ነበር። ሞጁል ግን አንዴ ከተጫነ፣ ማንም ይጥራው ማን፣ ያው አንዱ ነው። አንደኛው መስኮት ሒሳብ ሲቀበል ሁለተኛው ሞጁሉን ይጠራና በዚያችው ቦታ የራሱን ይጽፍባታል። ሁለቱም ከዚያችው አንብበው ያንኑ ወንበር ይቆርጣሉ።

ፊቷ እሳት ሆነ። ለየመስኮቱ የየራሱን ቦታ ሰጥታ አስተካከለችው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊ እህቷ አየቻት።

«ምነው፣ እህል አልወርድ አለሽ?»

ነገረቻት። እህቷ መቀሷን አስቀመጠች።

«ያዋረድሽው ሰው ፊት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይቅርታው ጓዳ ውስጥ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ትወጂው የለ?»

«እታለም፣ ተይኝ በቃ!»

«አልተውሽም። ቀሚስሽን እተኩስልሻለሁ፤ አፍሽን ግን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ።»

ጠዋት በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆመች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። በሰው ላይ ለጠፍኩት» አለች። አለቃው «ተቀመጪ» ቢላት አልተቀመጠችም። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሄዳ እሱ ባለበት መስኮት ሰልፍ ያዘች።

«ወዴት ነሽ?» አለ ረጅሙ ልጅ ቀና ሳይል።

«የትም። የሞጁሉ ነው ጥፋቱ። የእኔ።»

«ኧረ እህቴ፣ አውቶብሱ ጥሎን ሊሄድ ነው!» አለች ከኋላዋ ያለች ሴት።

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውቄያለሁ። እዚህ በመጣሁ በማግስቱ ስክሪፕቴን ስፈትሽ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ከራስሽ አፍ እንዲወጣ ብዬ። ትመጫለሽ ብዬም ጠበቅሁሽ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አንገቷን ደፋች።

ሰልፉ ሲያልቅ ወደ ውስጥ አስገባትና የተስተካከለውን ሞጁል ጫኑ። እሱ በአንዱ መስኮት፣ እሷ በሌላው ሆነው እኩል መረጡ፣ እኩል ቆረጡ። የራሷን ትኬት ለማየት ፈራች፤ አንሥቶ ያነበበላት እሱ ነው።

«ወንበራችን ለየቅል ነው። ግን ጎን ለጎን።»

«አውቶብሱ ወዴት ነው?»

«ሽማግሌው በኋላ ለለቅሶ ወደሄዱበት። ለእሳቸውም መንገር አለብሽ። ብቻሽን አልልክሽም።»

መንገዱን ሙሉ ቀና አላለችም። እጇን ሲይዛት ግን አልነጠቀችውም።