ያልታዘዘ ወተት

ምንታምር ያን ጠዋት የሦስት ሰው ደም ውስጥ ገብታ ወጥታለች፤ አራተኛዋ ዳሪቱ ነበረች። በአባያ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው የወሊድ ሆስፒታል ሥራዋ ይኸው ነው፤ መርከቧ የምታየውን የሚያሳያትን የዓይን መሸፈኛ ታጠልቃለች፣ ከጤፍ ፍሬ እጅግ የምታንስ መርከቧን በእናቲቱ ክንድ በኩል ታስገባለች፣ ከዚያ በልብ አልፋ ወደ አንጎል ትቀዝፋለች።

ዳሪቱ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ከአንጎሏ ሥር ያለችው ዕጢ ሞታለች ተባለ። በምትኩ «ላኪ» የሚባል መሣሪያ ተተከለላት። ላኪው ሆርሞን፣ ማለትም አንዱ የአካል ክፍል ለሌላው በደም የሚሰደውን መልእክት፣ በየሦስት ሰዓቱ ይልካል። መልእክቱ ጡቷ ሲደርስ ወተቷ ይወርዳል።

ከትናንት ወዲህ ግን መልእክቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣ ጀመር።

«ላኪው ሳያፈስ አይቀርም» አለች ምንታምር።

«ወተት ቢበዛ ምን ይጎዳል፣ እቱ?»

«ወተቱ አይደለም የሚያሰጋኝ። ይህ መልእክት ሲበዛ ኩላሊትሽ ውኃ አልለቅም ይላል፣ ደምሽ ይቀጥናል። ያን ጊዜ ውኃው ጨው ፍለጋ ወደ ሕዋሳትሽ ይገባና ያብጣሉ። አንጎል ደግሞ ካበጠ መሄጃ የለውም።»

ዳሪቱ አጠገቧ የተኛውን ልጇን አየች። «ላኪውን ካወጣሽው ልጄን ላጠባው አልችልም ማለት ነው?»

ምንታምር መርከቧን ላኪው ሥር አቁማ ዙሪያውን መረመረች። ድፍን ነው፤ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። የዳሪቱን ሕፃን የክትትል መዝገብ ብታይ፣ መልእክቱ በመጣባቸው ሰዓታት ሁሉ ልጁ እንቅልፍ ላይ ነበር።

ወዲያው ከጎረቤት ክፍል የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

«ተነሣ ደግሞ» አለች ዳሪቱ ከንፈሯን መጥጣ። «እናቱ ትናንት ያረፈችበት ነው። ጡጦውን እምቢ ብሏል አሉ። አባቱ ታቅፎት ሲንቆራጠጥ ይሰማኛል።»

በዚህ መሃል ላኪው ጸጥ እንዳለ፣ ሞታለች ከተባለችው ዕጢ ጫፍ፣ አዲስ ከበቀሉ ቀጫጭን ነርቮች መልእክቱ ሲፈልቅ ምንታምር በዓይኗ አየች። የዳሪቱ ቀሚስ ደረቱ ላይ ረጠበ።

«ውይ፣ አፈርኩ! የኔው እኮ ተኝቷል» አለች በነጠላዋ እየሸፈነች።

ምንታምር መሸፈኛውን አወለቀች። «የሚያፈስ ነገር የለም፣ ዳሪቱ። ዕጢሽ ነቅታለች፤ የሕፃን ለቅሶ ስትሰሚ መልእክቱን ራሷ ትልካለች። የበዛብሽ እሷና ላኪው ተደርበው ነው፤ ላኪውን አጠፋዋለሁ።»

«እና አሁን የመጣው... ለሌላ ሰው ልጅ ነው?»

«ለሌላ ሰው ልጅ ነው።»

ሆስፒታሉ የአንዷን ልጅ ለሌላዋ እንዳይሰጥ በእያንዳንዱ ሕፃን እጅ ላይ ምልክት ያስራል፤ የዳሪቱ ደም ግን የማን ነህ ብሎ አልጠየቀም።

«ሂጂ፣ ልጁን አምጪልኝ» አለች ዳሪቱ።

አባትየው፣ ጮራሞ፣ ልጁን ራሱ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እህቴ፣ እንዳላስቸግርሽ...» ሲል ዳሪቱ እጆቿን ዘረጋችለት። ልጁ ጥቂት ተወራጭቶ ጡቷን አገኘና ጸጥ አለ።

ከትናንት ጀምሮ እንባ ያልወጣው ጮራሞ፣ ያኔ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።