የአባ ማኅተም የመጨረሻ ጥቅል

ሽታው ከሬሳው ቀድሞ ተቀበላት። የከረመ ዓሣና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የበሰበሱ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ ነበር። መርማሪዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ የፖስታ ቤቱ ጥቅል ክፍል ገባች። ሽማግሌው በሩ ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። ውድ ጥቅሎችን በቀይ ሰም የሚያሽጉት እሳቸው ስለነበሩ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ማኅተም» ነበር የሚላቸው። ቀኑ በየዕለቱ የሚዞረው የነሐስ ማኅተማቸው አሁንም በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አደጋ ነው፣ እህቴ» አለ የቅርንጫፉ ኃላፊ ክራባቱን እያስተካከለ። «አንዲት ልብስ ሰፊ ጥቅሏ ውስጥ የነቀዝ ክኒን ደብቃ አስገባች። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው መርዝ ይተነፍሳል። በፖስታ መላኩ ክልክል ነው። ይኸው ሰው ገደለች፤ ፖሊሶቹም ይዘዋታል።»

ጠረጴዛው ላይ በአቡጀዲ የተሰፋ ጥቅል ተቀምጧል። ፖሊሱ በአንድ ጎኑ ቀዶ የክኒን ጠርሙስ አውጥቷል፤ ስፌቱና የሰም ማኅተሙ ግን በሌላው ጎን እንዳሉ ናቸው።

«ከክኒኑ ሌላ ምን ነበረው?»

«ለልጄ የምልከው የእናቴ የወርቅ አምባር ነው ብላ አስመዝግባለች። አምባር የሚባል ግን የለም። ለነገሩ የተከለከለ ዕቃ የተገኘበት ጥቅል ካሳ አይከፈልበትም። ደንቡ ግልጽ ነው።»

የሥራ ባልደረባው እግሩ ሥር ተዘርሮ እሱ ስለ ካሳ ያወራል።  መርማሪዋ ተንበረከከችና የሟቹን እጅ አነሳች። ጥፍሮቻቸው ተሰባብረዋል፤ ከጥፍሮቹ ሥርም አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። በሩ ከውስጥ በኩል አረንጓዴ ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ተቧጭሯል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘውን ዘበኛ ነው። ሰውዬው ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ቆመ።

«ሲያገኟቸው በሩ ተዘግቶ ነበር፣ አባባ?»

«ኧረ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ልጄ። ሰም ማቅለጫውን ላቀጣጥል ስገባ ነው ያየኋቸው።»

«ከእርስዎ በፊት ማን ገባ?»

«ኃላፊውና መስኮት ላይ ደንበኛ የምታስተናግደው ልጅ ተከታትለው ገቡ። ትናንት አባ ማኅተም ለማተም አምሽተው ነበር። እኔ ከመሸ ከቅጥሩ በር አልንቀሳቀስም።»

«የዚህ ክፍል ቁልፍስ?»

«አንዱ እሳቸው ኪስ ነው፤ ሌላው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። የቁልፉ ቀዳዳ ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ሁላችንም እናገኘዋለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የሚወጣውን ሠራተኛ ሁሉ እፈትሻለሁ። ኪስ፣ ቦርሳ፣ የምሳ ዕቃ ሳይቀር። ግን ውድ ጥቅል በየጊዜው የውሃ ሽታ ይሆናል። በየት በኩል እንደሚወጣ እግዜር ይወቀው።»

የመስኮቷ ሠራተኛ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። መርማሪዋ መስኮቱ ላይ ያለውን የቀን ማኅተም አንስታ አገላበጠችው።

«ቀኑን አንቺ ነሽ የምታዞሪው?»

«እኔ አይደለሁም። የአባ ማኅተምን ጨምሮ የሁሉንም ማኅተም ኃላፊው ናቸው ጠዋት እንደገቡ የሚያዞሩት። ሌላ ሰው ከነካው ይቆጣሉ።»

«አባ ማኅተም ትናንት ከማን ጋር ተጣሉ?»

«ሁላችንንም ነው የተቆጡን። ‹በቃኝ፤ ነገ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄጄ አፍረጥርጬ እናገራለሁ› አሉ።»

«ምኑን?»

ልጅቷ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። 

«ውድ ጥቅል ይገባል» አለች በመጨረሻ። «ሠራተኛ ሲወጣ ይከፈትና ዕቃው ይወሰዳል፤ በምትኩ የተከለከለ ነገር ይከቱበታል፤ ላይተር፣ ባትሪ፣ ያገኙትን። ባለቤቱ ቢጮህ ካሳ የለውም። እንዲያውም እከሰሳለሁ ብሎ ይፈራና ይተወዋል።»

«የሚከተው ማነው?»

«ዓይኔ አላየም።»

«ለዝምታሽ ምን ደረሰሽ?»

«ሽቶ... አንዳንዴም ሳሙና። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

 ሰው ጥርሱን ነክሶ ያፈራው ንብረት እዚህ ቤት እየተቀረጠፈ ነበር፤ ሁሉም እያወቀ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። መርማሪዋ ወደ ጥቅሉ ክፍል ተመልሳ መደርደሪያውንም ግድግዳውንም ስትፈትሽ ቆየች፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ልብስ ሰፊዋን በካቴና አመጧት። አሁን ክፍሉ ውስጥ ለሟቹ የምታለቅሰው እሷ ብቻ ነበረች።

«እናቴ፣ ይህ ስፌት የእርስዎ ነው?»

ሴትዮዋ ጥቅሉ ላይ አጎነበሰች። «ምን ቁርጥ አድርጎኝ! ይሄማ በጆንያ መርፌ የተገዘገዘ ነው። እኔ ትናንት አምባሩን ለእሳቸው አሳይቼ፣ እዚሁ ፊታቸው ሰፋሁት። እሳቸውም ሰሙን አፍስሰው አተሙልኝ።»

ኃላፊው ሳቀ። «ተከሳሽ ሌላ ምን እንድትል ነው?»

«እሳቸውን ይተዉአቸው፤ ዕቃው ራሱ ይናገራል» አለች መርማሪዋ። «ከመደርደሪያው ጀርባ ባልዲ አለ፤ እርጥብ ጆንያ ላይ የተፍረከረከ ግራጫ ዱቄት ሞልቶታል። ክኒኑ መርዙን ተፍቶ ሲጨርስ የሚተርፈው እሱ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ያሉት ክኒኖች ግን ገና ድፍን ናቸው። የገደላቸው ባልዲው ነው። ሟቹ በሩን በጥፍራቸው ቧጭረዋል፤ ጠዋት ግን በሩ ገርበብ ብሎ ተገኘ። ከውጭ የቆለፈባቸው ሰው ጠዋት ተመልሶ ከፈተ፣ ክፍሉን አናፈሰ፣ የተረፉትን ክኒኖች በአምባሩ ምትክ ከትቶ ሰፋ።»

«ዘበኛውም መስፋት ይችላል» አለ ኃላፊው።

«ሰሙን ይመልከቱት። የታተመበት ቀን የዛሬ ነው።»

ዘበኛው አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሴትዮዋ የመጡት ትናንት ነው። አባ ማኅተም ያረፉት ትናንት ነው። ዛሬ መስኮቱ አልተከፈተም። ገዳዩ ማኅተሙን ከሬሳ አንገት አውልቆ፣ ቀኑን አዙሮ፣ አትሞ መልሶ አጠለቀው። ማዞሩ የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። ጠዋት ማኅተም ሲይዝ ቀን ማዞር የለመደ እጅ ነው ያዞረው።»

ኃላፊው ክራባቱን አላላ። «ማንም ሊያዞረው ይችላል!»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ዛሬ የታተመ ሌላ ጥቅል ፈለግሁ።» ከግድግዳው ጋር ወደተደረደሩት የፖስታ ሣጥኖች ሄደች። ደብዳቤ የሚገባባቸው በዚህ ክፍል በኩል ነው፤ ተከራዮቹ የሚከፍቷቸው ደግሞ በውጭ፣ በመንገዱ በኩል። «አባባ፣ እርስዎ የሚፈትሹት ሰው ነው። ዕቃው የሚወጣው በግድግዳው ነው።»

ከአንዱ ሣጥን ትንሽ ጥቅል አወጣች። ቀይ ሰሙ ላይ የዛሬው ቀን አለ። «ሰም ከሌለበት፣ በየሣጥኑ ደብዳቤ የምታድለው የመስኮቷ ልጅ ትጠራጠራለች። አሁን ቁልፎችዎን ይስጡኝ።»

ኃላፊው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቀረ። ፖሊሱ የቁልፉን ዘለላ ወስዶ ወደ መንገዱ ወጣ። ሁሉም ባዶውን ሣጥን እያዩ ጠበቁ። ብረቱ ተንቋቋ፤ ብርሃን ገባ፤ በቀዳዳው የፖሊሱ ዓይን ብቅ አለ።

ካቴናው ከልብስ ሰፊዋ እጅ ወልቆ ኃላፊው እጅ ላይ ገባ። መርማሪዋ ትንሹን ጥቅል ቀድዳ አምባሩን ለሴትዮዋ ዘረጋችላት።

«ቆይ!» አለ ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ጥቅሉ የተከለከለ ዕቃ ተገኝቶበታል። በደንቡ መሠረት አምባሩ ለእሷ አይመለስም።»

ፖሊሱ እየገፋ አስወጣው። ልብስ ሰፊዋ አምባሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ወደ ሬሳው ጎንበስ ብላ የአባ ማኅተምን የተጣመመ ኮሌታ አስተካከለችና ወጣች።

መርማሪዋ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ዘረጋች። ሽታው ጣቶቿ መሃል ገብቷል። የመስኮቷ ሠራተኛ ከኋላዋ መጥታ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና አቀበለቻት።

«በዚህ ይታጠቡ። በጣም ጥሩ ሽታ አለው።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አየች። ጠርዙ ላይ የቀይ ሰም ፍንጣቂ ደርቆበታል። ሳሙናውን ከነወረቀቱ ማስረጃ ብላ በሩ ላይ ለቆመው ሌላ ፖሊስ ሰጠችውና እጇን በባዶ ውሃ ማሸት ጀመረች።