የዐሥራ ስምንት ዓመት ፊት

«ጎልመስ አድርጊያት እንጂ!» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ከመሰላሉ ሥር ቆመው ሽቅብ እያዩ። «ይቺ'ኮ ገና ጡት ያልጣለች ትመስላለች።»

መሰላሉ ላይ ያለችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በቁመቷ ምክንያት ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ሚጢጢ» የሚላት ልጅ፣ ብሩሿን ከግድግዳው አነሣች። በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥተው ስመ ጥር የሆኑ፣ ነገር ግን በለጋ ዕድሜያቸው የተቀጩ አራት ሰዎች እንዲሣሉ ታዝዞ ነበር። ሯጩ፣ ሐኪሙና ድምፃዊቷ በሌሎች ተማሪዎች ተሥለው አልቀዋል። ከመካከላቸው ሠላሳ ዓመት የሞላው አንድም አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ግን ሯጩ ሸብቷል፣ ሐኪሙ ቦርጭ አውጥቷል፣ ድምፃዊቷም የልጅ ልጅ ያየች ትመስላለች። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ የአገሪቱን የቼዝ ሻምፒዮን አሸንፋ በዓመቱ በሕመም የሞተችው አራተኛዋ ለሚጢጢ ደረሰቻት።

ፎቶግራፉን ያዋሰቻት የሟቿ እኅት ናት። በፎቶው ላይ የልጅቱ ጸጉር እንደ ጃርት ቆሟል፤ ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ተክላ የሹራቧን አንገትጌ ታኝካለች። ሚጢጢም ያየችውን ሣለች።

«ፎቶው ላይ እንደዚህ ናት፣ ቲቸር።»

«ዐውቃለሁ። አስተምሬያታለሁ'ኮ።» ድምፃቸው ለአፍታ ዝቅ አለ። «ስሚኝ ልጄ፤ ነገ ለምረቃው የሚመጡት እንግዶች የልጅ ፊት ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ የምፈልገው እንዲያከብሯት ነው። ኮት አልብሺያት፤ ግንባሯ ላይም መሥመር ጣል ጣል አድርጊ።»

«እነዚያን ሁሉ ትልልቅ ሰዎች'ኮ በዚሁ ፊት ነው ያሸነፈቻቸው!»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ። ምክትሉ ሰዓታቸውን አዩ።

«እስከ ደወል ጊዜ አለሽ። ካልሆነ የዐሥራ አንደኛ ክፍሉ ልጅ ደርቦ ይቀባዋል፤ ስምሽም ከሠዓሊዎቹ ዝርዝር ይወጣል» ብለው ሄዱ።

ቀለም የምትበጠብጥላት ጓደኛዋ እስኪርቁ ጠብቃ ፈነዳች። «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ሁለት መሥመር ነው'ኮ! ጫር ጫር አድርጊና እንገላገል። እናትሽ ለነገ ቀሚሳቸውን ካስተኮሱ ሳምንታቸው፤ ጎረቤቱን በሙሉ ጠርተዋል።»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያስ? እሷ እንደሆነች ሞታለች፤ አትቀየምሽም!»

እናቷ በዝርዝሩ ላይ የልጇን ስም ፈልጋ ስታጣ፣ ጎረቤቶቹም እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ታያት። ወደ ሯጩ ዞር አለች። ሽበቱን ማንም ሳይጠይቀው ለጥፈውበታል። እሱ ሮጦ ያመጣውን ድል ወስደው በዚህ ምድር ኖሮ ለማያውቅ ሽማግሌ አስረክበውበታል።

«ቢጫውን አቀብዪኝ» አለች።

«ለመሥመሩ ቢጫ?»

«ለሹራቧ።»

«በይ እንግዲህ፣ እኔ የለሁበትም!» አለች ጓደኛዋ። ይሁን እንጂ አልሄደችም፤ ቢጫውን በጥብጣ አቀበለቻት።

ሚጢጢ በታኘከው አንገትጌ ላይ የጥርስ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አወጣች። ቀጥላ ቀጭኑን ብሩሽ አነሣች። በሦስቱ ሥዕሎች ሥር ከስምና ከሙያ በቀር የተጻፈ አልነበረም፤ እሷ ግን በአራተኛዋ ሥር «ዐሥራ ስምንት ዓመት» ብላ፣ ከበር ላይ እንዲነበብ አጉልታ ጻፈች።

ደወሉ ተደወለ። የምክትሉ ጫማ ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ።

«መጡ! ውረጂ!»

ሚጢጢ ወረደች። መሰላሉንም ወደ ሯጩ ጎተተችው።

«ያዥልኝ» አለች፣ የመጀመሪያውን ደረጃ እየረገጠች። «እሱ ሃያ ሦስት ነበር።»