አረንጓዴው ክብ

ፓን ጂዩዋን፣ የታይዋኗ ሺንቹ ከተማ ውስጥ ባለው ቢሮው፣ ወንበሩን ደገፍ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። የሻይ ስኒው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት። ጠረጴዛው ላይ በፌስታል የታሰረ የሁለት ሰው የሩዝ ፓስታ ቀዝቅዟል። አጠገቡ አንድ ገጽ ወረቀት ተቀምጧል። ፓን የትኛው የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያ አክሲዮን ስንት እንደሚያወጣ ባለሀብቶችን የሚያማክር ሰው ነበር።

መርማሪዋ ጆንግ ሹፈን አንጀቷ አርሯል። አለቃዋ ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ «ራሱን አጥፍቷል ብለሽ ዝጊው!» ብሏታል።

«ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው ለሁለት ምሳ ይገዛል?» ብትለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

የሟች ሚስት ዩቺን ጥግ ላይ ተኮራምታ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። ጠዋት ተጣልተው፣ «ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጣ» ብላው ነበር። ሹፈን መዝገቡን እንደታዘዘችው ብትዘጋው፣ ይህች ሴት ያንን ቃል ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ልትኖር ነው።

ስሙ ወረቀቱ ላይ በመገኘቱ የተጠራው፣ የኮምፒውተር ማስታወሻ ቺፕ ፋብሪካ ያለው አቶ ቱ፣ ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ስለ አክሲዮኑ መለሰ።

«ከጎረቤቴ ኩባንያ ጋር እኩል እናተርፋለን። የእሱን አክሲዮን በትርፉ ሠላሳ እጥፍ ይገዙታል፣ የእኔን በስምንት! ፓን ነው እንዲህ ያዋረደኝ!»

«እኔ ስለ ሬሳ ነው የጠየቅኩህ፣ አቶ ቱ!»

ዩቺን ከጥጓ ሆና መለሰች፤ «ባሌ ሁሌ የሚለው ነበር። አውሎ ነፋስ መጥቶ ጎመን ሲወደድ ጎመን ሻጩ ሀብታም ሆነ አይባልም። በሳምንቱ ይረክሳላ። የአቶ ቱ ቺፕ ከማንም ይገዛል። ጎረቤቱ የሚሠራውን ግን ሌላ የሚሠራ የለም፣ ደንበኛው ወዴት ይሄዳል? ሰው የሚገዛው የዘንድሮን ትርፍ ሳይሆን የከርሞውን ነው፣ ይለኝ ነበር።»

ሹፈን ወረቀቱን እንደገና አነበበችው። «ቱ ሠላሳ እጥፍ ይገባዋል» ይላል በታይፕ። በቱ ኩባንያ ስም ዙሪያ በእጅ የተሳለ አረንጓዴ ክብ አለ። ፓን ሥራውን ሲጨርስ ስሞቹን በቀለም መክበብ ልማዱ ነበር።

ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሦስተኛው የፓን የሥራ ባልደረባ ሄ ዌይሉን ነው። ሃያ ዓመት ኒውዮርክ ሠርቶ አምና ነው የተመለሰው።

«የዚህ ወረቀት ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?» አለቻቸው።

ቱ አንዴ አይቶት ሳቀ። «አፉ ያሞግሰኛል፣ እጁ ይረግመኛል! አረንጓዴ?»

«ባሌ እንዲህ አያደርግም» አለች ዩቺን።

«እኔ ምንም ስህተት አላየሁበትም» አለ ሄ።

«አታይማ!» አለች ሹፈን፤ የቀኑ ንዴት ሁሉ ድምፅዋ ላይ ወጣ። «መጀመሪያ፣ ፓን ለቱ ስምንት እንጂ ሠላሳ አይሰጥም። ስለዚህ ጽሑፉ የሌላ ሰው ነው። ቀጥሎ፣ እዚህ አገር የሚወጣ አክሲዮን በቀይ፣ የሚወርድ በአረንጓዴ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ኒውዮርክ ግን ግልብጡ ነው፤ ክቡን የሳለው የዚያን አገር የለመደ እጅ ነው፣ ያንተ! ዓመቱን ሙሉ ለደንበኞችህ የቱ አክሲዮን ሠላሳ ነው ስትል ከርመሃል። የፓን ወረቀት ቢወጣ መሳቂያ ልትሆን ነበር።»

«ደክሞት ተሳስቶ ይሆናላ፣ እህቴ።»

«ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳተውን? መሳቢያህንም አስፈትሼዋለሁ። ከበረራ በኋላ የምትውጠው የእንቅልፍ ክኒን ባዶ ማሸጊያው ብቻ ቀርቷል።»

ሄ አንገቱን ደፋ። «ስምህን ወረቀቴ ላይ አልጠቅስም ቢለኝ ኖሮ...» አለ። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ዩቺን ፌስታሉን አሻግራ እያየች፣ «አንደኛው ድንብላል የለበትም?» አለች።

ሹፈን ሁለቱንም ከፈተች። አንዱ ላይ የድንብላል ቅጠል ተነስንሶበታል። ሌላው ላይ ምንም የለም።

«እኔ ድንብላል አልበላም» አለች ዩቺን፤ ከጠዋት ጀምሮ አልወጣ ያላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። «ወደ ቤት ሊመጣ ነበር።»