የሰብሳቢው ወንበር

ኦቦ ኢቲቻ የሞቱት ሰበታ ውስጥ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ ሦስት መቶ ሰው እያያቸው፣ ከሰብሳቢው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ኢንስፔክተር ገለቴ ስትደርስ አስከሬናቸው ጋቢ ተከናንቦ መድረኩ ላይ ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ አንድ ብርሌ ብርዝ ቆሟል። በሩን ፖሊስ ዘግቶታል፤ ውጭ ሕዝቡ ይጮሃል። አንዱ ወገን አበባ እርሻውን ይራገማል፣ ሌላው ፈረንጇን።

«ብዙ አትድከሚ» አላት አለቃዋ ኮማንደር ከድሩ፣ ገና ሰላም ሳትለው። «ገዳዩን ይዘነዋል።»

«ማን ነው?»

«ኤልቃና የሚባል፣ ከወላይታ የመጣ ሠራተኛ። አበባ እርሻው ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ከወር በፊት ተባረረ። ዛሬ ጠዋት አቤቱታ ላስገባ ብሎ እዚህ ጠረጴዛ ድረስ መጥቷል። መርዙን ያዘጋጀው ለእንግዳዋ ነው፤ ሽማግሌው በእሷ ፈንታ ጠጡት። የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሰበታ ላይ ልትገደል ነበር፣ ይገባሻል? ስልኬ አላረፈም።»

«አመነ?»

«ዝም ብሏል። ዝምታም መልስ ነው።»

«ለእኔ መልስ አይሆነኝም፣ ኮማንደር። እስከ ነገ ረፋድ ይስጡኝ።»

ከድሩ የሚጮኸውን ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ገለቴም ይህንኑ እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

ገለቴ ጎበና ተጂ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ አርባ ዓመቷን የተሻገረች ሴት ናት። ኦሮምኛም አማርኛም እኩል አፏን የፈታችባቸው ቋንቋዎች ናቸው። ሰው ሲያወራት ዓይኗን መሬት ላይ ትጥላለች፤ የማያውቃት ያንቀላፋች ይመስለዋል። እሷ ግን ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ቃል ብዙ ነገር ያወጣል ብላ ታምናለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከእርሻው በታች ያሉ ገበሬዎች «አበባው ወንዛችንን መረዘው» ማለት ከጀመሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እርሻው «ሐሰት ነው» ይላል። በዚህ መሃል ድንጋይ ተወራውሯል፣ ሰው ታስሯል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፏል። አበባው የሚሸጠው አውሮፓ ስለሆነ የአውሮፓ ፓርላማ አባሏ ወይዘሮ ካሪን ሆልስት ሁለቱን ወገን ሊሰሙ መጡ። በፓርላማቸው ከምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አንዷ ናቸውና ክርክር መምራት የዘወትር ሥራቸው ነው። አንዱ ወገን የሌላውን ሰው ሰብሳቢ አድርጎ አልቀበልም ስላለ፣ ወንበሩን እሳቸው ያዙት። ለምክትልነት ደግሞ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ኦቦ ኢቲቻ ተመረጡ። ከሰብሳቢዋ ጎን አስተርጓሚው ዲሪርሳ ተቀመጠ። ክርክሩ ሲጋጋል ወይዘሮ ሆልስት በድንገት ተነሡ፣ ወንበሩን ለኦቦ ኢቲቻ ለቀቁና ከሕዝቡ መሃል ቆመው ይከራከሩ ጀመር። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ያገኙትን ብርዝ አንሥተው ጠጡ። ግማሽ ሰዓት አልቆዩም።

ብርዙን የበጠበጠችው ማሪቱ እንስራውን እያሳየች ተናገረች።

«ከአንድ እንስራ ነው የቀዳሁት፣ እህቴ! እኔም ጠጥቻለሁ፣ ሁሉም ጠጥቷል። ለእንግዳዋ ክብር ብዬ አንዱን ብርሌ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት፤ እሷ ግን አልነካችውም።»

«ከዚያ በኋላ ወደ ጠረጴዛው የተጠጋ ማን ነው?»

«አስተርጓሚው እዚያው ነው የተቀመጠ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ታመነ ሊጨብጣት መጣ። ከዚያ ያ የታሰረው ሰው። ሌላ አላየሁም።»

ታመነ ከአዳራሹ ጓሮ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። «እኔን የምትጠይቂበት ምክንያት አይገባኝም» ብሎ ጀመረ።

«ከኦቦ ኢቲቻ ጋር ትጣሉ ነበር።»

«ከሁሉም ጋር እጣላለሁ። የምመራው እርሻ እንጂ የሰንበቴ ማኅበር አይደለም።»

«ከመጋዘናችሁ የጎደለ መርዝ አለ?»

ከፍቶት የነበረውን የመኪናውን በር መልሶ ዘጋ። «አንድ ጠርሙስ» አለ በመጨረሻ። «ስማችን እንዳይነሣ ብዬ ዝም አልኩ። ሰኞ ሲታይ ሙሉ ነበር፤ ትናንት ረቡዕ ማታ ታጣ።»

«ኤልቃና በእነዚህ ቀናት ገብቶ ነበር?»

«ከተባረረ ወዲህ በግቢው በር አላለፈም። የገቡት ሁለቱ መጋዘን ጠባቂዎች፣ እኔ፣ ደግሞ በጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሊተረጉምልን የመጣው ዲሪርሳ ብቻ ነን። ጥበቃውን ጠይቂ።»

ወይዘሮ ሆልስት ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጠዋል። ገለቴ አስተርጓሚ አልጠራችም፤ በኮሌጅ እንግሊዝኛዋ ራሷ ጠየቀች።

«ብርዙን ለምን አልጠጡም?»

«በጉዞ ላይ ያልታሸገ ነገር አልጠጣም። ትናንት ቡራዩ ላይ ግብዣ ነበር፣ እዚያም አልጠጣሁም። ሰው እንዳይቀየመኝ ዲሪርሳ እንዲያስረዳልኝ ነገርኩት። የስብሰባው አዘጋጅ ኤዶምና ሥራ አስኪያጁም አብረውን ነበሩ።»

«ከወንበሩስ ለምን ተነሡ? ሕዝቡ ተቆጥተው ጥለው የሄዱ መስሎት ነበር።»

ሴትዮዋ ተገረሙ። «ደንብ ነው እንጂ! በእኛ ፓርላማ ክርክር የሚመራ ሰው ተራ ይሰጣል፣ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሥርዓት ያስከብራል፤ ሐሳቡን ግን አይሰጥም። ልከራከር ካለ ወንበሩን ይለቅቃል፤ ያ ክርክር እስኪያበቃም አይመለስበትም። አለዚያ ዳኛውም ተሟጋቹም እኔው ልሆን ነው። ለዚህ ስብሰባ በተጻፈው ደንብም አንቀጽ ሰባት ላይ አስገብቼዋለሁ።»

ገለቴ ለሕዝቡ የታደለውን የአማርኛ ደንብ ገለጠች። አንቀጾቹ ስድስት ናቸው።

«ምን ቢነገርዎት ነው ልከራከር ያሉት?»

የወይዘሮዋ ፊት ቀላ። «አንዲት አሮጊት ተነሥተው ‹ይህ እርሻ አበባ እንዲሸጥ ድምፅ የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ አታፍሪም?› አሉኝ። እኔ ግን ተቃውሜ ነው ድምፅ የሰጠሁት! ዝም ማለት አልቻልኩም።»

አሮጊቷ አዴ ዳዲ ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ ዳር ነው። ፖሊስ ሲያዩ በራቸውን ሊዘጉ ሞከሩ።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ?» አለች ገለቴ ዝቅ ብላ።

ኦሮምኛውን ሲሰሙ እጃቸው ከመዝጊያው ላይ ላላ። «ምን ቀራችሁ? ሽማግሌያችንን አስገደላችሁ፤ አሁን ደግሞ እኔን ልታስሩ ነው?»

«አይደለም። ዛሬ እንግዳዋን ምን ብለው ጠየቋት?»

«ምን እላለሁ፣ ልጄ! ‹ውሃው ሆዳችንን እያሳመመን ነው፤ ለማን አቤት እንበል?› ነው ያልኩት። እሷ ግን ዓይኗ ደም መሰለ፤ ተነሥታ ጮኸችብኝ። ክፉ ቃል አልወጣኝም። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፣ እናቴ።»

ኤልቃናን የጣቢያውን ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው። ከንፈሩ አብጧል። «ጻፊ» አላት ሳትጠይቀው። «መጤ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ብለሽ ጻፊ።»

«ከንፈርህን ያሳበጠው ማን እንደሆነም እጽፋለሁ። ለምን ተባረርክ?»

ቀና ብሎ አያት። «ለኦቦ ኢቲቻ አንድ ወረቀት ስላነበብኩላቸው። ወረቀቱ ልጃቸው ላሊሴ ዘንድ ነው። እሷ ከሰጠችሽ አንብቢው፤ ከኔ አፍ ሰምተሽማ አታምኚም።»

ላሊሴ ዓለም ገና በሚባለው ሰፈር፣ በቤታቸው ደጃፍ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በጥቁር ልብሷ ላይ ነጠላ አሸርጣ ቆማ ነበር። «አባቴን በቁሙ ያልጠበቃችሁ አሁን ልትጠብቁት መጣችሁ?» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ገብታ ወረቀቱን አመጣችና ገለቴ እጅ ላይ ጣለችው። ገለቴ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሲበቃት አጣጥፋ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉም እዚያው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ገበሬዎቹ በግራ፣ የእርሻው ሰዎች በቀኝ፣ ፖሊስ በመሃላቸው። ኤልቃና ካቴናው አልተፈታለትም። ላሊሴ ከፊት ቆማለች፤ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላለች። ዲሪርሳ ሸሚዙን ቆልፎ ወደ ወይዘሮ ሆልስት ሊጠጋ ሲል ገለቴ አስቆመችው።

«ዛሬ ኤዶም ታስተረጉማለች። አንተ ተቀመጥና ስማ።»

ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሁላችንም መርዙ ለእንግዳዋ ነበር ብለን አሰብን። ገዳዩም እንዲያ እንድናስብ ነው የፈለገው። እሳቸው ግን ያልታሸገ ነገር አይጠጡም፤ ብርዙ ፊታቸው ቆሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልነኩትም። ይህንን የሚያውቅ ሰው ሊገድላቸው ቢያስብ ብርዝ ውስጥ መርዝ አይጨምርም። እንግዲህ መርዙ የተዘጋጀው ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ነው።»

«ማን እንደሚቀመጥ በምን ይታወቃል?» አለ ታመነ።

«ምክትሉ ኦቦ ኢቲቻ እንደሆኑ ሁላችሁም ታውቁ ነበር። የማታውቁት እንግዳዋ እንደሚነሡ ነው። ሰብሳቢ ሊከራከር ሲፈልግ ወንበሩን ይለቅቃል የሚለው ደንብ በእንግሊዝኛው አለ፤ እናንተ እጅ በገባው የለም። ኤዶም፣ ደንቡን በኮምፒውተር የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አንቀጽ ሰባት የት ሄደ?»

ኤዶም ከቦርሳዋ የተጨማደደ ወረቀት አወጣች። «ዲሪርሳ በእጁ ተርጉሞ ሰጥቶኝ ነበር። በኋላ መጥቶ ሰረዘው። ‹ለዚህ ሕዝብ አያስፈልገውም› አለኝ።»

ግራ በኩል ማጉረምረም ተነሣ። ዲሪርሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ አንድ አንቀጽ ስላልተተረጎመ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም።»

«አይባልም። ስለዚህ ሌላ ትርጉም እናዳምጥ።»

ኤዶም ኦሮምኛ ባትሰማም ስብሰባውን በስልኳ ቀርጻው ነበር። ገለቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠጋች። አስቀድሞ የአዴ ዳዲ ኦሮምኛ ተሰማ፦ ውሃው እያሳመመን ነው፣ ለማን አቤት እንበል። ቀጥሎ የዲሪርሳ እንግሊዝኛ። ገለቴ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰችው፦ «‹ይህ እርሻ አበባ እንዲሸጥ ድምፅ የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ አታፍሪም?›»

አዴ ዳዲ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወይዘሮ ሆልስት ከኤዶም ሲሰሙ ወደ አሮጊቷ ዞሩና ቆመው ቀሩ።

«ትናንት አንዱ ወገን ኦሮምኛውን ሰማ፣ እንግዳዋ እንግሊዝኛውን ሰሙ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ አንድ ሰው ነበር» አለች ገለቴ። «ዲሪርሳ፣ ሰብሳቢዋ እንዲነሡ የሚያደርገውን ቃል የፈጠርከው አንተ ነህ። እሳቸው ሲነሡ ኦቦ ኢቲቻ እንደሚቀመጡ ታውቃለህ። ከብርሌው አጠገብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተለየኸውም አንተ ነህ። ጠርሙሱ የጠፋው በሰኞና በረቡዕ ማታ መካከል ነው፤ አንተ መጋዘኑ የገባኸው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው። ኤልቃና ከወር ወዲህ ግቢውን አልረገጠም፤ የበር ጥበቃዎቹም መስክረዋል።»

«ለምን ብዬ? ሽማግሌው ምን አደረጉኝ?»

ገለቴ ወረቀቱን ከደረት ኪሷ አወጣች። «ከአራት ዓመት በፊት የወንዙ ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጣ። ለሽማግሌዎቹ ያነበብክላቸው አንተ ነህ። ‹ንጹሕ ነው፣ ጠጡት› አልካቸው። በዚያው ዓመት እርሻው ለትምህርት ውጭ አገር ላከህ። ወረቀቱ ግን እንዲያ አይልም። ኤልቃና ነው ለኦቦ ኢቲቻ በትክክል ያነበበላቸው። ላሊሴ እንደነገረችኝ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ሊናገሩ ነበር።»

ታመነ ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። ዲሪርሳ ግን ገና አልተረታም ነበር። «አባቷ ይህን ያህል ካወቀ ለምን አስቀድሞ አልተናገረም?» አለ ወደ ላሊሴ እየጠቆመ።

መልሱን የሰጠው ኤልቃና ነው። «እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ልጃችን ነው፤ ከሰው ፊት ከማዋርደው ራሱ ተነሥቶ ይናገር። አንድ ቀን ልስጠው› አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት ቤትህ መጥተው ይህንኑ ነገሩህ፣ ዲሪርሳ። ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ዲሪርሳ ብድግ አለ። ወንበሩ ከኋላው ተገለበጠ። «አንድ ቀን!» ሲል ጮኸ። «አሥር ዓመት የገነባሁትን ስም አፍርስ ብሎ አንድ ቀን ሰጠኝ! እንዴት ብዬ ልቁም እናንተ ፊት? ማን ይምረኝ ነበር?»

«እሱ» አለች ላሊሴ። «እሱ ምሮህ ነበር።»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ፖሊሶቹ ዲሪርሳን ከበው በጓሮ በር አወጡት፤ ከኋላው ስድብና ጫማ ተወረወረ። ከድሩ ከገለቴ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይገናኝ ሄዶ የኤልቃናን ካቴና ፈታ። ይቅርታ አልጠየቀም። ኤልቃናም አልጠበቀ።

ላሊሴ ወረቀቱን ከገለቴ ተቀብላ ወደ ኤልቃና ሄደች። «አንብበው» አለችው። «አንድ ቃል እንዳትቀንስ፤ አንድ ቃል እንዳትጨምር።»

ኤልቃና በካቴናው የቆሰለ የእጁን አንጓ አሸት አሸት አደረገና ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ አነበበ፤ አዴ ዳዲ ደግሞ ከጎኑ ሆነው ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ደገሙት። በግራም በቀኝም የተቀመጠ ሰው አልነበረም። «ውሃው ለሕፃናት ፈጽሞ መሰጠት የለበትም» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ከእርሻው ሠራተኞች መካከል አንዲት እናት ነጠላዋን ጥላ ወደ በሩ ሮጠች። ቀጥላ ሌላዋ ሮጠች። ከዚያ ከገበሬዎቹ ወገን ሦስት አራት ሴቶች ተከተሏቸው። ኤልቃና ግን ማንበቡን አላቆመም።